የግራ እጅ ፈትል

ይድረስ ራቤል ላለችው እናቴ፤ በአባ መልከ ጼዴቅ እጅ።

እናቴ፣ ጾሙንና ብርዱን እንዴት ይዘሽዋል? ያ የግራ እጅሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይ? ጋሼ በኃይሉ ደህና ናቸው? እህቴ ትርሲትስ እንዴት ናት? በጎቹስ ወለዱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ጓደኛዬ ኮከብ እዚህ ላይ ብዕሯን አንስታ ትጠብቀኛለች፤ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ካልተባለ ደብዳቤ ተጀመረ አይባልም ትላለች። በይ ጻፊው ብያታለሁ። ከናፍቆትሽ በስተቀር።

አባ፣ እርስዎም እንዴት ሰነበቱ? መነጽርዎ ተጠገነልዎ? ይህን ለእናቴ ሲያነቡላት እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ፤ ዝናብ ሲመጣ ቅዳሴውን እንደሚያፋጥኑት አያፍጥኑብኝ። በስልክ ብናገረው ይቀል ነበር። ግን የቤቱ ስልክ ያለው ጋሼ በኃይሉ ኪስ ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ስልክ ደግሞ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። እናቴ ጉብታ ላይ ቆማ ስለ እኔ የምታወራ ሴት አይደለችም።

እናቴ፣ በቅርቡ ጠበል ሄደሽ እንደነበር አባ ለኃላፊያችን ለሰርካለም ደውለው ነግረውልኛል። በጾም አጋማሽ ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን መሄድሽ ቢያስገርመኝም፣ ለእጅሽ ከበጀሽ ደግ አደረግሽ። ጠበሉ ይበርዳል አሉ።

ስለምሠራበት ቤት ጠይቀሽኝ አታውቂም። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

ቤቱ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። የበግ ጠጉር በጆንያ ይገባል፣ ለብርድ የሚለበስ ባና ሆኖ ይወጣል። እግራቸው የማይታዘዝላቸው ተቀምጠው ጠጉሩን ይነድፋሉ፣ እኛ ዓይነ ስውሮቹ እንፈትላለን፣ መስማት የተሳናቸው ይሸምናሉ። «ዲዳ» እና «አንካሳ» የሚል ቃል ሰርካለም ከልክላለች፤ ደብረ ብርሃን ስልጠና ወስዳ የተመለሰች ዕለት ነው የከለከለችው። ኮከብ ግን እኛ ብቻ ስንሆን ራሷን አንካሳዋ ትላለች። ይህንንም ጽፋዋለች፤ እየሳቀች ነው።

ሰው መቼም አንድ ላይ ሲውል መጣላቱ አይቀርም። ትልቁ ጠባችን በመስኮቱ ነው። መስማት የተሳናቸው በእጃቸው ስለሚነጋገሩ ብርሃን ካላገኙ አፋቸው እንደተያዘ ነው፤ ስለዚህ መስኮቱ የእኛ ነው ይላሉ። እኛ ደግሞ ብርሃኑን ውሰዱት፣ ፀሐይዋን ግን ተዉልን እንላለን፤ የመንዝን ብርድ ታውቂው የለ። ሁለተኛው ጠብ በሬዲዮው ነው። እኛ ድምፁን ከፍ እናደርጋለን፣ ሸማኔዎቹ ግድ የላቸውም፣ መሐል ላይ ያሉት ነዳፊዎች ግን ራሳቸውን እያመማቸው ይኖራሉ። ሸማኔዎቹ አንዱ ሌላውን ሲጠራ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል፤ እኛ ቤቱ የፈረሰ መስሎን እንዘላለን። ምሳ ላይ ግን ተደባልቀን ነው የምንቀመጠው። የሚያይ ሰው ከአጠገባችን ሆኖ ወጡ ወደ በሩ በኩል ነው፣ ቃሪያው ወደ መስኮቱ ነው ይለናል። እዚህ ቤት እንግዳ ቢመጣም ማንም ጓዳ ገብቶ አይበላም።

እያንዳንዳችን የምልክት ስም አለን። ስም የሚያወጣው ወዳጆ ነው፤ ከመርሐቤቴ የመጣ ሸማኔ፣ በልጅነቱ መስማት ያቆመ። የኮከብ ስም ክራንች ነው። የሰርካለም ስም የሚወዛወዝ ሌባ ጣት ነው፤ እሷ ግን ትርጉሙ መምህር ነው ብላ ታምናለች። የእኔ ስም የግራ እጅ ጣት ሆኖ እንደ እንዝርት ይሾራል።

ለምን ግራ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዘመሮ ስንኖር፣ አንቺ ጋሼ በኃይሉን ሳታገቢ፣ ኩፍኙ ዓይኔን ከወሰደው በኋላ፣ ፈትል ያስተማርሽኝ እጄን እጅሽ ላይ አስቀምጠሽ ነው። አንቺ ግራኝ ነሽ፤ እኔም ሌላ መንገድ ያለ ስላልመሰለኝ በግራ እጄ ያዝኩት። ሌላው ሰው የፈተለው ክር ወደ ቀኝ ይከርራል፣ የእኔ ወደ ግራ። እዚህ እስክመጣ ድረስ ይህ ችግር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ሲገምዱት አንደኛው የሌላውን ክረት ይፈታዋል፤ ክሩ ይላላና ይበጠሳል። ወዳጆ ወደ እኔ መጀመሪያ የመጣው በዚህ ነው፤ የተፈታ ክር ይዞ፣ ተቆጥቶ፣ እጄ ውስጥ ሊያስቀምጥልኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእኔ ልቃቂት በተለየ ቅርጫት ይቀመጣል። ሰዉ «ግራ ገብ» ይለዋል።

ከወዳጆ ጋር እንዴት ትነጋገራላችሁ ብለሽ እንደሆነ፣ እሱ በእጁ ምልክት ሲሠራ እኔ እጆቼን እጆቹ ላይ አድርጌ እከተለዋለሁ፤ እኔም በእጄ እመልስለታለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ክር ብቻ ነበር። እየቆየ ስለ ሌላም ሆነ። ኮከብ የእናንተን ወሬ ግድግዳ እንኳ አይሰማው እያለች ታማርራለች፤ ወሬ ማጣት ለእሷ ከባድ ነው።

እንግዲህ የሆነውን አንቺም አባም ታውቁታላችሁ። ወዳጆ ሽማግሌ ሊልክ እንደሚፈልግ፣ ሽማግሌ ደግሞ የሚላከው ወደ ወላጅ ደጃፍ እንደሆነ አስነግሬሽ ነበር። መልስሽን አባ ለሰርካለም በስልክ ነገሯት፣ ሰርካለም ለእኔ ነገረችኝ። ትርሲት ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ቤተ ሰቦች ዘር የሚቆጥሩ ናቸው፤ ራቤል ደግሞ ከትርሲት ሌላ ልጅ እንዳለሽ የሚያውቅ ሰው የለም። ኩፍኝ ነው ብትያቸው በዘሯ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ወደዚያ ደጃፍ እንዳይመጣ፣ ልጄ ትረዳኛለች። መልእክቱ ይኸው ነበር።

ተረድቼሻለሁ። ተቀይሜሽም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ አይኖሩም የሚል ሰው ካለ አልሞከረውም። ለወዳጆ ስነግረው እጁ እጄ ውስጥ ከበደ። ወላጅ የሌላት ሴት አድርጎ ሊያገባኝ እንደማይፈልግ፣ ቤተ ሰቦቹም ማነው የሰጠን እንደሚሉ፣ ትርሲት እስክትዳር ድረስ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ትርሲት ከተዳረች በኋላም አማቶቿና የባሏ ዘመዶች እንደሚኖሩ፣ እኔም ያኔም ከዚያው የተደበቅሁበት እንደምገኝ አሰብኩና አልነገርኩትም።

በዚያው ሰሞን፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አንዲት እንግዳ መጡ።

ኮከብ በሩ አጠገብ ባለው መሸጫችን ተቀምጣ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው ባናዎቹን መዳሰስ ያዙ። አንዱን ያነሳሉ፣ ሌላውን ያስቀምጣሉ፤ ዓይናቸው ግን ከባናው ይልቅ ወደ አዳራሹ ነው። ኮከብ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው፤ መልስ የለም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ብትደግምላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ኮሩ፣ ወይም ሊሰርቁ ነው ይባሉ ነበር። እኛ ቤት ግን የማይናገር ሰው ሲመጣ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮከብ ወለሉን በክራንቿ መታችና ወዳጆን ጠራችው።

ወዳጆ የሚያውቀውን ምልክት ሁሉ ሠራላቸው፤ አንዱም አልገባቸውም። ከገጠር የመጡ፣ ምልክት የሚያስተምራቸው ሰው ያላገኙ ናቸው ተባለ። ሰርካለም እንዲህ ያሉ ሴቶች በየቤቱ ተደብቀው ይኖራሉ እያለች ስታስፈልግ የኖረች ሰው ናት፤ አሁን በእግራቸው መጡላት። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ሴትዮዋ ወደ በሩ መለስ ቢሉም ሰርካለም አፍረው ነው አለች። ማፈራቸውስ እውነት ነው መሰለኝ።

እንዝርት ሲሰጧቸው በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ወዳጆ ሳቀ፤ ሳቁ ምን ያህል እንደሚጮህ ስለማያውቅ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። እየመራ አምጥቶ እኔ ያለሁበት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ ግራ ገብ ከግራ ገብ ጋር ይዋል ብሎ። ጉልበታቸው ጉልበቴን ነካው። እኔ ረስቼ እንደምን አደሩ አልኳቸው። ኮከብ ከበሩ ሆና አይሰሙሽም እኮ ብላ ሳቀችብኝ።

እስከ ምሳ ድረስ ጎን ለጎን ፈተልን። ቀስ እያሉ ነው የሚፈትሉት፤ እጃቸውን የሚያማቸው ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ጠጉር ሳቀብላቸው ጣቶቻችን ተገናኙ፤ ቶሎ ሰበሰቧቸው። ምሳ ላይ ሽሮው ሲቀርብ ከእኔ ፊት ያለውን ቃሪያ እያነሱ ወደ ራሳቸው አደረጉት፤ ከዚያም አጎረሱኝ። ኮከብ አንቺ ቃሪያ እንደማትወጂ ማን ነገራቸው ብላ ተገረመች። የማይናገሩ ሰዎች ብዙ ነገር ያያሉ አልኳት።

ከምሳ በኋላ የራቤሉ ሚኒባስ መንገደኛ ሲጠራ ጥሩምባውን ነፋ። ወዲያው ሴትዮዋ እንዝርታቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ተነሡ። እጃቸው ራሴ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወጡ። ሰርካለም ተከትላ ብትወጣም አልደረሰችባቸውም፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠየቅንም ብላ እስከ አሁን ትቆጫለች።

ወዳጆ ዕለቱን እጄ ውስጥ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው ይህ ነው፦ እሱ ጥሩምባ አይሰማም፤ ነገር ግን ጥሩምባ መነፋቱን የሚሰሙ ሰዎች አንገት ወደ መስኮቱ ሲዞር ያውቃል። ያን ጊዜ የሴትዮዋም አንገት ዞሯል። ኮከብ ይህን ስትጽፍ ቀና ብላ ታዲያ ይሰማሉ ማለት ነው አለችኝ። ጻፊ ብያታለሁ። ሁለተኛው ነገር ስለ እሳቸውና ስለ እኔ ግንባርና ቅንድብ ነው፤ ለዓይነ ስውር ምን ይረባታል ብዬ ትቼዋለሁ። ለማን ነገርክ ብዬ ስጠይቀው፣ እኔ ለማን እናገራለሁ አለኝ።

ብቻ የምልክት ስም አውጥቶላቸዋል። የእኔው ስም ነው፣ ያው የሚሾረው የግራ ጣት፤ «ትልቋ» የሚል ምልክት ብቻ ጨምሮበታል። ሸማኔዎቹ ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚጠሯቸው። በግራ ስለሚፈትሉ ነው ይላሉ።

እኔ ደግሞ እንዝርቱን አንስቼ ክሩን ዳሰስኩት። ወደ ግራ የከረረ ነው። ከራሴ ክር ልለየው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። አዘንኩ፣ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ መመለስ ምን ይባላል? ከዚያ ደግሞ አሰብኩት። የመጡት ድምፃቸውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ስላለ ነው፤ ዝም ያሉትም በዚያው ምክንያት ነው። ካላፈሩበት ሰው ፊት እንዲህ አይደክሙም። ካልወደዱት ሰው ዘንድ ደግሞ መጀመሪያውኑ አይመጡም። ቅያሜዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የለም፤ የት እንደሄደ አላውቅም።

አባ፣ እዚህ ላይ ጥያቄ ካለዎት ለእኔ ያቅርቡልኝ እንጂ ለእናቴ አያቅርቡላት። እሷ ጠበል ላይ ነበረች።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ከወዳጆ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ከመርሐቤቴ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ወደዚህ ቤት ነው። የራቤልን ደጃፍ ማንም አያንኳኳም። ትርሲት በሰላም ትዳር፣ ትውለድ ትክበድ፤ እህት እንዳላት አንድ ቀን አንቺ ስትፈልጊ ትነግሪያታለሽ። ይህን ልለምንሽ አልጻፍኩም።

የቀረው ነገር አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲናገሩ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የሚሰማ የሙሽራዋ ሰው ያስፈልጋል። ሰርካለም እኔ እናት ሆኜ እቀመጣለሁ አለች፤ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ኮከብም እኔ ልቀመጥ ብላለች፤ ግን እሷ ከተቀመጠች ሽማግሌዎቹ ተራ አያገኙም። ስለዚህ ያቺ እንግዳችን ይቀመጡልኝ ብያለሁ። ቤቱ ሁሉ ተስማማ፤ ሰርካለም እንደውም አለቀሰች። ሰው የሌላቸው ሴትና ሰው የሌላት ልጅ ተገናኙ ብላ ነው።

ለእሳቸውም ይቀላቸዋል። ነጠላቸውን እንደዚያን ቀን ቢከናነቡ ማንም ግለጡ አይላቸውም። አይናገሩም ተብሎ ስለታመነ ማንም ቃል አይጠብቅባቸውም። ስማቸውን የሚጠይቅ ቢመጣ ወዳጆ ያወጣላቸው ስም አለ። ሽማግሌዎቹ ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቅ ቢያደርጉ ይበቃል። ወዳጆም ያለው ይህንኑ ነው፦ እኔ ቢናገሩም አልሰማ፣ እሺ ማለታቸውን በዓይኔ ካየሁ ጨርሻለሁ። ለእኔ ደግሞ እሱ በእጄ ይነግረኛል። ከዚያ በሠርጉ ቀን ሁለታችን ጎንበስ ብለን ጉልበትሽን እንስማለን፤

እዚህ ላይ ኮከብ አስቁማኛለች። «ጉልበታቸውን» ለማለት «ጉልበትሽን» ብለሻል አለችኝ። ደክሞኝ ነው፣ አስተካክዪው አልኳት። ብዕሯ ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም። ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና እሺ ቀጥዪ አለችኝ። አስተካክላው እንደሆነ እኔ አላይም፤ አባ የተጻፈውን እንደተጻፈ ያንብቡት።

እንዝርቱ አግዳሚው ላይ እንዳለ ነው። ሰርካለም ክሩን አውርደን እንጨርሰው ብላ ነበር፤ በዚያ አቅጣጫ የሚፈትል ከእኔ በስተቀር ማንም ስለሌለ እኔ ልጨርሰው እችል ነበር። ተዉት አልኳቸው። ለሠርጌ የሚሸመነው ባና ከእሳቸውና ከእኔ ክር ነው የሚሆነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገመዱ አይፈቱም፣ ወዳጆ ሞክሮታል። ስለዚህ እናቴ፣ እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለች ሴት ብታጋጥምሽ ቦታዋ እንዳልተያዘ ንገሪልኝ። ሚኒባሱ በገበያ ቀን ማለዳ ይነሳል። ዝም ብላ ብትመጣ ዝም ብለን እንቀበላታለን። መናገር የፈለገች ቀን ደግሞ እኔ እሰማለሁ፤ ከሁሉ የተረፈልኝ ጆሮዬ ነው።

እንግዲህ እጅሽን ብርድ አታስመቺው። የቀረውን ጾም በሰላም አስፈጽሞ ለትንሣኤው ያድርስሽ፤ በጎችሽን ከቀበሮ፣ ቤትሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልሽ። ጋሼ በኃይሉን እድሜ ይስጣቸው፤ ትርሲትን ስሚልኝ፣ ምክንያቱን ሳትነግሪያት። አባ፣ በጸሎትዎ ወለተ ኢየሱስ ብለው ያስቡኝ፤ እርስዎም ያነበቡትን ለእግዚአብሔር ብቻ ይንገሩት።

ፊርማ አልችልም። በፊርማ ፈንታ ከወረቀቱ ግርጌ ክር ሰፍቼበታለሁ። ከእንዝርቱ ላይ የበጠስኩት ነው፤ የእኔ አይደለም። አባ፣ ይህ በመነጽር አይነበብምና ለግራ እጇ ይስጡልኝ።

ልጅሽ